ትንሿን ዓሣ በሕይወት መልሷት

እንደምን አመሻችሁ! በር ላይ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ባዶ ወንበር አለ።

እንደምታውቁት እኛ ዓሣ አጥማጆች በየዓመቱ በዚህ ምሽት ሁለት ዋንጫ እንሰጣለን። አንደኛው ለትልቁ ዓሣ ነው፤ ስለሱ ከእኔ ቀጥሎ የሚናገር ሰው አለ። እኔ የቆምኩት ለሁለተኛው ነው። ለዓመቱ ትንሿ ዓሣ። ይህን ዋንጫ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ንግግር አዘጋጅ ተባልኩ፣ አዘጋጀሁ። ግን አስቄያችሁ ብቻ አልወርድም። ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ማንንም ወደ መድረክ አልጠራም።

መጀመሪያ ግን ሳቃችንን እንሳቅ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኛ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ተቃራኒው ነው። ሰው ዘንዶ አወጣለሁ ብሎ በሌሊት ይነሳል፣ ወፍራሙን ክር ይጠቀልላል፣ ትልቁን መንጠቆ ያስራል፣ ከዚያ የጣት ጥፍር የምታክል ዓሣ ይዞ ይመለሳል።

አዲስ የመጣችሁ አባላት ዋንጫው እንዴት እንደተጀመረ አታውቁም። ምክንያቱ አንድ አንጋፋ አባላችን ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ነው። ጋሼ እንበላቸው። አንድ ጭጋጋማ ጠዋት አምስት ሆነን ዳር ላይ ቆመናል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ነገር አልነካንም። ድንገት የጋሼ ዘንግ ጎበጠ። ጎበጠ ስላችሁ ጫፉ ውሃውን ነካ! "መረብ!" አሉ። መረቡን ይዤ ሮጥኩ። ሌሎቹ ክር እንዳይጠላለፍ ብለው የየራሳቸውን ከውሃ አወጡ። አንዱ "ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ላላ ያድርጉለት" ይላል፣ ሌላው "አይ፣ አሁን ነው መሳብ" ይላል፣ ጋሼ ግን ማንንም አይሰሙም፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይጠቀልላሉ፣ ትንሽ ይለቃሉ፣ እንደገና ይጠቀልላሉ። ውሃው ጫማቸው ውስጥ ገብቷል። "ይሄ ቀላል አይደለም፣ ይሄ ቀላል አይደለም" እያሉ ሩብ ሰዓት ያህል ታገሉ።

በመጨረሻ ብቅ አለ። ትራስ የሚያክል የውሃ ሣር።

ማንም አልተናገረም። እኔ መረቡን ሰደድኩና የሣሩን ክምር ዳር ላይ ዘረገፍኩት። ጋሼ ግን "ሕይወት ነበረው፣ ሲወራጭ እጄ ላይ ተሰምቶኛል" አሉ። ተንበርክከን ሣሩን በጣታችን መፈልቀቅ ያዝን። ከሥሩ አገኘናት። ርዝመቷ የትንሿን ጣቴን አታክልም። መንጠቆው የያዛት አፏን አይደለም፣ ጀርባዋን ነው፣ ወደ ጭራዋ ጠጋ ብሎ። ለማባበያ አጠገቧ የተንጠለጠለው የፕላስቲክ ዓሣ ከሷ ይበልጥ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩዋት። "ይቺ ናት?" አሉ። "ይቺ ናት ጋሼ" አልን።

ቀጥሎ ያደረጉትን ልብ በሉልኝ። እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። በእርጥብ መዳፋቸው ያዟት፣ መንጠቆውን በፒንሳ አላቀቁ፣ መዳፋቸውን እንደተዘረጋ ወደ ውሃው አወረዱ። ዓሣዋ አልሄደችም። እዚያው መዳፋቸው ላይ ሆና አፏን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገች። ከዚያ ጭራዋን አንዴ መታችና ጠፋች። ጋሼ ውሃውን ብዙ ካዩ በኋላ "ኃይለኛ ነበረች" አሉ። እኛ ሣሩ ላይ ወድቀን ሳቅን። ሆዳችን እስኪያመን።

ደግሞም አልዋሹም። ጀርባዋ ወይም ጭራዋ ላይ የተያዘች ዓሣ አፏ ላይ ከተያዘችው ይልቅ በጣም ትከብዳለች። አፍ ላይ ሲሆን ጭንቅላቷን ወደፈለግንበት እናዞራለን። ጀርባ ላይ ሲሆን ግን ጎኗን እንደ መቅዘፊያ ለውሃው ሰጥታ ነው የምትሳበው። ያ የሣር ክምር ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ከሷ የሚበልጥ የፕላስቲክ ዓሣ ምን አስጠጋት ካላችሁ፣ የዓሣ ድፍረት በመጠን አይለካም። ጎጆውን የሚጠብቅ ወንድ ዓሣ የቀረበውን ሁሉ ይገፈትራል፣ የሚያክለውንም የሚበልጠውንም። ፓይክ የሚባለው አዳኝ ደግሞ ገና ጫጩት ሳለ የገዛ ወንድሞቹን መብላት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ፍጥረት ከፊቱ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያልፍ ዝም አይልም።

ለዚህ ነው ትንሿ ዓሣ ክብር ይገባታል ያልነው። ትልቁማ ሰው አላጣም። ክብረ ወሰን የሚመዘግበው አይጂኤፍኤ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 አልፍሬድ ዲን ደቡብ አውስትራሊያ ላይ በዘንግ የያዘው 1,208 ኪሎ ነጭ ሻርክ እስከ ዛሬ ይወራል። የክብደት ክብረ ወሰን እንዲመዘገብ ግን ዓሣው ቢያንስ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 453 ግራም ገደማ መሆን አለበት። የኛዎቹ እዚያ ደጅ አይደርሱም። ጃፓኖች ታናጎ የምትባል ትንሽ ዓሣ የሚይዙበት ዘንግና መንጠቆ ለብቻው አላቸው፤ መንጠቆው ከትንሽነቱ የተነሳ ዓይን ጠጋ አድርጎ ነው የሚታየው። እዚያ ትንሽ መያዝ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሳይንስ የተዋወቀችው ፔዶሲፕሪስ የተባለች የኢንዶኔዢያዋ የሱማትራ ደሴት ዓሣ ደግሞ 7.9 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆና ለአቅመ እናትነት ደርሳ ተገኝታለች። ሰባት ነጥብ ዘጠኝ! ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም፣ ግን እናት ናት።

ይህን "እናት" የሚለውን ቃል ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

ዋንጫው ከመጣ ወዲህ ደስ የሚል ነገርም አይቻለሁ። ድሮ ስለያዝነው ዓሣ ስናወራ ክንዳችን ይዘረጋ ነበር፣ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ይሰፋ ነበር። አሁን ጣቶቻችን መጠጋጋት ጀመሩ። ድሮ ፎቶ ስንነሳ እንድትገዝፍ ብለን ወደ ካሜራው እንገፋት ነበር። አሁን ሆዳችን ላይ ለጥፈን እናሳንሳታለን። ማስመሪያ ይዘን እንለካ ያልኩት ለዚህ ነው። ርዝመቷ አንድ አሥረኛ የሆነች ዓሣ ክብደቷ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው የሚሆነው። ስለዚህ በሚዛን አትከራከሩ፣ ማስመሪያው ይበቃል።

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልምጣ።

አምና እዚህ መድረክ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የአሸናፊው ስም ተጠራ። መጣና ከኪሱ የክብሪት ሳጥን አወጣ። ከፈተው። ውስጡ የደረቀች ዓሣ ነበረች። ዓይኗ ነጭ ሆኗል። ጭራዋ ካርቶኑ ላይ ተጣብቋል፤ በጥፍሩ ሲያላቅቃት ግማሹ እዚያው ቀረ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ፣ አጨበጨብኩ፣ ዋንጫውን የሰጠሁትም በነዚህ እጆቼ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የጋሼ መዳፍ ፊቴ ላይ መጣ። የዋንጫው መነሻ ያ መዳፍ ነበር። የክብሪት ሳጥን ጋ እንዴት ደረስን?

ልጁን አልወቅሰውም። ማስረጃ አምጣ አልነው፣ አመጣ። ደንባችን "ትንሿ" ይላል እንጂ "በሕይወት የተመለሰች" አይልም። ጥፋቱ የደንቡ ነው፣ ደንቡን ደግሞ የጻፍነው እኛ ነን።

ያቺ ዓሣ እንደ ሱማትራዋ በተፈጥሮዋ ትንሽ አልነበረችም። ጫጩት ነበረች። ብታድግ ክንድ የምታክል፣ ለትልቁ ዋንጫ የምትቀርብ ዝርያ ናት። አንድ ጊዜ እንኳ እንቁላል ሳትጥል ክብሪት ሳጥን ውስጥ ገባች። ለሳቅ! ለምግብ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፣ በልቶ ማደር ያለ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ዓሣ ግን ማንን ታጠግባለች?

"አንዷ ዓሣ ብትሞት ምን ይጎድላል? ዓሣ እንቁላሉ ብዙ ነው" የሚል አለ። ባለፈው ስብሰባ ፊት ለፊቴ ተብሏል። እሺ፣ ብዙ ነው። ኮድ ከሚባለው የባሕር ዓሣ አንዲት ትልቅ እናት በአንድ የመራቢያ ወቅት ሚሊዮኖች ትጥላለች። ግን ከሚሊዮኑ ስንቱ ነው ጣት የሚያክለው? እንቁላሉ ይበላል፣ ጫጩቱ ይራባል፣ ውሃው ይዞት ይሄዳል። መንጠቆአችን ላይ የተንጠለጠለችው ያን ሁሉ አልፋ የተረፈችው ናት። እኛ ጋ ስትደርስ ለቀልድ ገደልናት። ከዚያ እኛው ራሳችን ሻይ ላይ ተቀምጠን "ዘንድሮ ትልቅ ዓሣ ጠፋ" እንላለን! ትልቁ ከየት ይምጣ? ትልቅ ሆኖ የሚፈለፈል ዓሣ የት አይታችኋል?

ጭብጨባውን ቆይ፣ አልጨረስኩም።

የመንጠቆውን ወደኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት። እንዲያ ሲሆን ሳይቀድ ይወጣል። መንጠቆ ከዋጠች አትጎትቱ፣ ክሩን አፏ ሥር ቁረጡት፤ ከሚጎተትባት ይልቅ የመትረፍ ዕድሏ የተሻለ ነው። በደረቅ እጅ አትንኳት፣ ቅርፊቷ ላይ ያለው ዝልግልግ ከበሽታ የሚጠብቃት ልብሷ ነው። ፎቶ አንዴ ይበቃል።

ልጆች ይዘው የሚመጡትን ትንንሽ ዓሣም አትናቁባቸው። ይኸው ነው።

ያረቀቅኩት አዲስ ደንብ ሁለት መስመር ነው። ዓሣዋ በእርጥብ መዳፍ ላይ፣ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ትነሳለች። ከዚያ ስትዋኝ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይቀርባል፤ ቪዲዮ የሌለው አይወዳደርም። የክብሪት ሳጥን፣ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ጠርሙስ ይዞ የመጣ ሰው ከዚህ መድረክ ዋንጫ አይወስድም።

ወረቀቱ በስተቀኝ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እስክሪብቶም አለ። ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ፊርማ እርስዎ ያኑሩልን። የዘንድሮው አሸናፊ ስም ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ የምከፍተው ሁላችሁም ፈርማችሁ ስትቀመጡ ነው።