«የካናዳ ልምድ» ሲባል ቀጣሪው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቻችን። ካናዳ ገብቶ ሥራ ለሚፈልግ ሰው «የካናዳ ልምድ አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርለትም፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

እኔ ጥያቄውን የምረዳው በዋስ ነው። አገር ቤት በገንዘብ ያዥነት የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ ይባላል። ዋሱ ሒሳብ አያውቅ ይሆናል፣ ስለ ሙያችንም አይመሰክርም፤ ቀጣሪው ግን ነገር ቢበላሽ የሚጠይቀው ሰው ስላገኘ ልቡ ያርፋል። የካናዳው ቀጣሪም ዋስ ይፈልጋል። የእሱ ዋስ አይፈርምም፣ ስልክ ያነሳል። «በሰዓቱ ይገባ ነበር? ሲሳሳት ይናገራል? እንደገና ትቀጥረዋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትፈልጉት ይህን ስልክ የሚያነሳ አንድ ኃላፊ ነው። ዘመድ አይሆንም። የሒሳብ ባለሙያ ከሆናችሁ፣ የአንድ አነስተኛ በጎ አድራጎት ድርጅት መዝገብ በሳምንት አንድ ቀን በነፃ ብትይዙ፣ ሥራችሁን በዓይኑ ያየ ዋስ አገኛችሁ ማለት ነው።

ብዙ ተመልካቾች «የአገር ቤቱን ልምድ ከሲቪዬ አውጥቻለሁ» ብላችሁ ጽፋችሁልናል። እባካችሁ፣ መልሳችሁ አስገቡት! የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ፖሊሲ የካናዳ ልምድን በግዴታነት መጠየቅ በመሠረቱ አድልዎ መሆኑን ገልጿል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮም በዚያው ክፍለ ሀገር 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ በሥራ ማስታወቂያው ላይ ይህን መጠየቅ በሕግ ተከልክሏል። ልፋታችሁን የምትደብቁበት ምክንያት የለም፤ አጻጻፉን ግን አስተካክሉ። «የሒሳብ ሠራተኛ፣ 8 ዓመት» የሚለው ለማያውቃችሁ ሰው ምንም አይነግረውም። «የ40 ሠራተኞችን ደመወዝ በየወሩ አዘጋጅ ነበር» የሚለው ግን የትም አገር ይገባል።

የትምህርት ማስረጃ ማስገመትን ባለፈው ቪዲዮ በሰፊው አይተነዋል፤ ያላያችሁት ተመልከቱት፣ ቻናሉንም ሰብስክራይብ አድርጉ። ፈቃድ በሚጠይቁ ሙያዎች ውስጥ ላላችሁ ብሪጂንግ ፕሮግራም የሚባል፣ በውጭ አገር የተማረ ባለሙያን ለካናዳው የሙያ ፈቃድና ሥራ የሚያዘጋጅ ሥልጠና አለ፤ አንዳንዱ የተግባር ልምምድ ስላለው፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ።

ዋስ የሚሆናችሁን ኃላፊ ስሙን ከመስጠታችሁ በፊት አስፈቅዱት፤ ያመለከታችሁበትን የሥራ መደብም አስቀድማችሁ ላኩለት። ስልኩ ሲደወል ስለ እናንተ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።