ጡሩምባውን ማን ይያዝ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶችም፣ እንደምን ዋላችሁ። የእረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ስለ ጀልባ ውድድር ልትሰሙ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ቦታውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት ወጥታችሁ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ አሌክሳንድሪያ ስትነዱ፣ በግራ በኩል ዛፍ የበዛበት መሬት አለ። ዳንገርፊልድ ደሴት ይባላል። ስሙ ደሴት ይሁን እንጂ በመኪና ይገባበታል። ታክሲ በምነዳበት ጊዜ በዚያ መንገድ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እመላለስ ነበር። ሰመር ላይ፣ ወደ ማታ ገደማ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነጫጭ ሸራዎች ተዘርግተው አያለሁ። የሀብታም ጨዋታ ነው ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን ግን መኪናዬን አቁሜ ዳር ላይ ቆሜ አየሁ። በሳምንቱም ተመለስኩ። ያኔ አንዲት ሴትዮ ቀረብ ብላ "ዛሬ ሰው አንሶናል፤ ጀልባው ላይ ወጥተህ ሰዓት ትይዝልናለህ?" አለችኝ። ያዝኩላት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ጀልባ አልቀረሁም።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ጀልባ ነው። ውድድሩን የሚመራው ኮሚቴ የሚቀመጥበት ስለሆነ የኮሚቴው ጀልባ እንለዋለን። አይወዳደርም። መልህቁን ጥሎ ይቆማል። ሌሎቹ ግን ያለ እሱ መወዳደር አይችሉም።

በክለባችን ደሞዝ የሚከፈለው ዳኛ የለም። ነገሩን ለእናንተ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ምክንያቱም እድር ታውቃላችሁ። በእድር ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመላልሰው፣ ተራ የደረሰው ሰው ነው። እዚያም እንደዚያው ነው። የሚወዳደር አባል ሁሉ በዓመት ውስጥ ተራ ይወጣለታል። ተራው በደረሰ ቀን የራሱን ጀልባ ዳር ላይ ትቶ ለሌሎቹ ባንዲራ ይሰቅላል። ነፋሱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በነጥብ ቢመራም፣ ተራ ተራ ነው። እኔ ክለቡን የወደድኩት በዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ነፋሱን ከማወቅ ነው። ባለሸራ ጀልባ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ቢሞክር ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባው ይቆማል። ስለዚህ በ45 ዲግሪ ገደማ አግድም ይሄዳል። ትንሽ ሄዶ ይዞርና በሌላኛው ጎን ይቀጥላል። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን እንደሚወጣው መንገድ አስቡት። ዳገቱን ፊት ለፊት አይወጣውም፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። የውድድር ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። መቼ ልዙር? በየትኛው ጎን ልሂድ? ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ቡይ፣ ያን ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ኳስ ማለቴ ነው፣ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ልክ የምናስቀምጠው። ሁሉም እየተጠማዘዘ እንዲወጣ ነው።

ቀጥሎ የመነሻውን መስመር እንዘረጋለን። በአንዱ ጫፍ የእኛ ጀልባ አለ፣ በሌላው ጫፍ ቡይ። መሃሉ ባዶ ውሃ ነው። ገመድም ቀለምም የለውም፤ መስመሩ በዓይን ብቻ ነው ያለው። ይህ መስመር ለነፋሱ ቀጤ ነክ መሆን አለበት። ትንሽ ከተዛነፈ አንደኛው ጫፍ ለመጀመሪያው ቡይ ይቀርባል። ያኔ ሃያ ጀልባ ወደዚያ ጫፍ ይጎርፋል፣ ግጭት ይሆናል። ርዝመቱም ይሰላል። አንድ ሰው የሚነዳት ሌዘር የምትባለው ጀልባ 4.23 ሜትር ናት። ሃያ ሌዘር ተከታትለው ቢሰለፉ ወደ 85 ሜትር ይደርሳሉ። ስለዚህ መስመሩን 100 ሜትር አካባቢ እናደርገዋለን። ካጠረ ይጋፋሉ፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ማን ቀድሞ እንዳለፈ ማየት ያስቸግራል።

ፖቶማክ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ዛፉና ሕንፃው ነፋሱን ይሰብረዋል። ከምዕራብ ይነፍሳል ስትሉ ከደቡብ ይመጣል። የባሕሩ ሙላትና ጉድለትም እስከ ዋሽንግተን ድረስ ስለሚዘልቅ ውሃው በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ወራጁ ጀልባዎቹን ሳያስቡት መስመሩን ያሻግራቸዋል። የተዘረጋውን አንስተን እንደገና የዘረጋንበት ቀን ብዙ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ይጠብቃሉ፣ ፀሐይዋ ትወርዳለች። ቢሆንም የተዛነፈ መስመር ላይ ማስነሳት ሰው መበደል ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጡሩምባው ልምጣ። የሸራ ጀልባ እንደ ሯጭ መስመር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ፍሬን የለውም። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ሲቀር የዚያን የጀልባ ዓይነት ባንዲራ እንሰቅላለን፣ ጡሩምባው አንዴ ይነፋል። አራት ደቂቃ ሲቀር ሁለተኛ ባንዲራ ይወጣል። ሰማያዊ ነው፣ መሃሉ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን አለው። በምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገላችሁ አባቶች እዚህ ካላችሁ፣ ይህን ባንዲራ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በመርከበኞች የምልክት ፊደል ፒ ነው። አንድ ደቂቃ ሲቀር ፒ ይወርዳል፣ ጡሩምባው ረዘም ተደርጎ ይነፋል። ዜሮ ላይ የመጀመሪያው ባንዲራ ይወርዳል። ሂዱ!

ልብ በሉ፣ በሕጉ ሰዓቱ የሚቆጠረው በባንዲራው ነው። ጡሩምባው እምቢ ቢል እንኳ መነሻው አይሰረዝም። ድምፅ 100 ሜትር ለመሄድ የሰከንድ ሦስት አስረኛ ያህል ይፈጅበታል። ባንዲራውን ግን ሁሉም እኩል ያየዋል። ስለዚህ ባንዲራ ያዡ እጁ መዘግየት የለበትም።

የእኔ እጅ ዘግይቶ ያውቃል። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ጀልባ ከሰዓቱ በፊት መስመሩን አለፈ። በዚህ ጊዜ ወዲያው ጡሩምባ ነፍቶ ሰማያዊ መስቀል ያለበትን ነጭ ባንዲራ ማውጣት ያስፈልጋል። ያለፈው ሰው አይቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። እኔ ባንዲራውን ከገመዱ ጋር ስታገል ጊዜው አለፈ። ሰውዬው ምንም ሳያውቅ ውድድሩን ጨረሰ። ውጤት ሲለጠፍ ስሙ ፊት ለፊት ቀድሞ ተነስቷል ተብሎ ተጽፏል። ከመጨረሻው ሰው የባሰ ነጥብ ማለት ነው። አልጮኸም። ወረቀት ሞልቶ ካሳ ይገባኛል አለ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው እሱንም እኔንም ጠየቁን። ባንዲራውን በሰዓቱ እንዳላወጣሁ ተናገርኩ። ነጥቡ ተስተካከለለት። ያን ምሽት ነው ኮሚቴውም ራሱ እንደሚዳኝ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ባንዲራ ገና ከጅምሩ ተጠቅልሎ እጄ ውስጥ ነው።

ከተነሱ በኋላስ? ከኋላቸው የሚሮጥ ዳኛ የለም። ሕጉ ግን አለ። ወርልድ ሴሊንግ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣዋል፣ በየአራት ዓመቱ ያሻሽለዋል። አሁን የምንሠራበት እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2028 የሚያገለግለው ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ለጀማሪ ግን ሦስት ነገር ይበቃዋል። ነፋስ በግራ ጎኑ የሚመታው ጀልባ፣ በቀኝ ለሚመታው መንገድ ይለቃል። ወንዙ ላይ "ስታርቦርድ!" የሚል ጩኸት ከሰማችሁ ይኸው ነው፤ ቀኙ የእኔ ነው፣ ልቀቅ ማለት ነው። ሁለቱም ነፋሱን በአንድ ጎን ከያዙ፣ ለነፋሱ የቀረበው ለራቀው ይለቃል። ከኋላ የሚደርስ ደግሞ ከፊት ያለውን አይነካም።

ያጠፋ ሰው ራሱን ይቀጣል። ሌላውን ከበደለ ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ ሁለት ጊዜ ሙሉ ክብ ይዞራል። ቡዩን ብቻ ከነካ አንድ ጊዜ ይዞራል። ያን ሁሉ ጊዜ ሌሎቹ እየራቁት ይሄዳሉ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አየሁ። ከእኛ በጣም ርቃ፣ ላይኛው ቡይ ጋ፣ ሸራዋ ቡዩን ዳሰሰው። በአጠገቧ ማንም አልነበረም። እኔም ያየሁት በአጋጣሚ መነጽሩን ወደዚያ ስላዞርኩ ነው። ልጅቷ ወጣ አለች፣ ዞረች፣ ቀጠለች። ሁለት ጀልባ አለፋት። ዳር ስንደርስ ለማንም አልነገረችም። እናቷም እስከ ዛሬ የሰማች አይመስለኝም። ይህን ስናገር አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ ደግሞ የተበደለው እዚያው "ፕሮቴስት!" ብሎ ይጮሃል። ከ6 ሜትር በታች ለሆነ ጀልባ ጩኸቱ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ቀይ ባንዲራ ይጨመርበታል። ማታ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ጀልባ እያስቀመጡ እንዴት እንደነበር ያሳያሉ። ምስክር ይሰማል፣ ይፈረዳል። ከዚያ አብረው ራት ይበላሉ።

ነጥቡ አጭር ነው። አንደኛ 1 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2 ያገኛል፤ ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ የከፋችው ውጤት ትሰረዝለታለች።

እናቶች ስለ ውሃው እንደምትጨነቁ አውቃለሁ። የእኔም እናት በስልክ ስትሰማ "ምን ጉድ ነው፣ ውሃ ምን አለህ?" ነበር ያለችኝ። ስለዚህ በደንብ ስሙኝ። ክለባችን ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ሰው አያወጣም። የፍጥነት ጀልባ ሁልጊዜ በተጠንቀቅ አለ። የሰመር ነጎድጓድ ከመጣ ሰማያዊና ነጭ፣ ዳማ የመሰለ ባንዲራ፣ ከሥሩም ወደ ዳር ግቡ የሚል ሌላ ባንዲራ አውጥተን ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ እንነፋለን። ውድድሩ ይቋረጣል፣ ሁሉም ወደ ዳር ይገባል። የሕጉ መጽሐፍ የመጀመሪያው ሕግም ስለ ማሸነፍ አያወራም። አደጋ ላይ ያለን ሰው የቻልከውን ያህል እርዳ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1988ቱ የሴኡል ኦሎምፒክ ካናዳዊው ላውረንስ ለሚዩ ሁለተኛ ሆኖ እየሄደ፣ በከባድ ነፋስ የሲንጋፖር ጀልባ ተገልብጦ አየ። ውድድሩን ትቶ ወደ ሁለቱ ሰዎች ሄደ። ሌላ ጀልባ ደርሶ እስኪረከባቸው ከእነሱ ጋር ቆየ። ዳኞቹ በኋላ የሁለተኛነቱን ነጥብ መለሱለት፣ የፒየር ደ ኩበርቲን ሜዳሊያም ተሸለመ።

ወጣቶች፣ ጀልባ መግዛት አይጠበቅባችሁም። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በሌላ ሰው ጀልባ ላይ ገመድ በመያዝ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነገር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ከሥራ በኋላ፣ የኮሚቴው ተራ የእኔ ነው። ጀልባው ከእኔ ጋር አራት ሰው ያስፈልገዋል። አንድ ሰዓት ያዥ፣ አንድ ጸሐፊ አለኝ። ባንዲራውን እኔ እይዛለሁ። ጡሩምባውን የሚይዝ ሰው የለኝም። የሚመጣው ሰው የማያንሸራትት ጫማና ኮፍያ ይዞ ይምጣ። ላይፍ ጃኬቱን እኛ እንሰጣለን። ስሙን ዛሬ በር ላይ ያስመዝግብ።

አመሰግናለሁ።