ማክቤዝን ማንም አልዋሸውም

የተከበራችሁ መምህራን፣ የቴአትር ተማሪዎች፣ የጥበብ ወዳጆች፣ በተለይ ደግሞ «ማክቤዝ»ን ለመድረክ ለማብቃት ልምምድ የጀመራችሁ ተዋንያንና አዘጋጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

እንድናገር የተጠየቅኩት የትራጄዲ ጀግና እንዴት እንደሚበላሽ ነው። የሚያበላሸው የገዛ ምኞቱ ነው ወይስ የሌላ ሰው ግፊት? ጥያቄው ሰፊ ነው። ስለዚህ አንድ ተውኔት ይዤ ልቆይ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሷቸው የሼክስፒር ሥራዎች አንዱ የሆነውን «ማክቤዝ»ን።

ንጉሡን ገድሎ ስለሚነግሠው ስለዚህ የስኮትላንድ የጦር አለቃ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። «ጠንቋዮቹ አሳቱት፣ ሚስቱ ገፋፋችው፣ እሱ ምን ያድርግ?» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የመጣሁትም ለምን እንደማልስማማ ልነግራችሁ ነው።

ስለ ዘመኑ ጥቂት ልበል። ተውኔቱ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ በ1603 የእንግሊዝንም ዘውድ ደርቦ ነበር። ጄምስ ስለ ጥንቆላ በ1597 መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። በ1605 ደግሞ ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ሊያጋዩ ያሴሩ ሰዎች ተይዘዋል። ስለዚህ ንጉሥ ስለ መግደል መጻፍ በዚያን ሰሞን ተራ ነገር አልነበረም።

ታሪኩን ሼክስፒር ያገኘው ሆሊንሼድ ከተባለ ጸሐፊ ዜና መዋዕል ነው። ሲወስደው ግን ሁለት ቦታ ላይ ለውጦታል፤ ሁለቱም ለዛሬው ጉዳያችን ቁልፍ ናቸው።

አንደኛው የማክቤዝ የጦር ባልደረባ ባንኮ ነው። በዜና መዋዕሉ ውስጥ ባንኮ በንጉሥ ዳንካን ግድያ ተባባሪ ነው። በተውኔቱ ግን እጁ ንጹሕ ነው። ጄምስ ዘሩን ከባንኮ ይቆጥር ስለነበር የንጉሡን ቅድመ አያት ነፍሰ ገዳይ አድርጎ መድረክ ላይ ማቆም አይቻልም፤ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ከዚህ ሌላ ትልቅ ነገር አተረፈ። ማክቤዝ ከጠንቋዮቹ የሰማውን የንግሥና ትንቢት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ በገዛ ጆሮው የሰማና ያልገደለ ሰው አገኘ።

ሁለተኛው የግድያው ቦታ ነው። እውነተኛው ማክቤዝ ንጉሥ ዳንካንን የገደለው በ1040 በጦርነት ነው፤ ከዚያም እስከ 1057 ድረስ ነግሦ ኖሯል። በተውኔቱ ግን ዳንካን የሚሞተው በእንግድነት ባደረበት በማክቤዝ ቤት፣ እራቱን በልቶ፣ አመስግኖ፣ ለቤቱ እመቤት አልማዝ ስጦታ ልኮ በተኛበት አልጋ ላይ ነው። «የእግዜር እንግዳ» እያልን እግር አጥበን ላደግን ሰዎች የዚህ ነውር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ጠንቋዮቹ እንሂድ። ማክቤዝና ባንኮ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ያገኟቸዋል። ሦስቱም ማክቤዝን በየተራ ይጠሩታል፤ አንዷ የግላሚስ ጌታ፣ አንዷ የኮዶር ጌታ፣ አንዷ ደግሞ ወደፊት ንጉሥ ትሆናለህ ትለዋለች። በቃ። «ግደል» ያለ የለም። ስለ ጩቤ አልተነሳም። ስለ ዳንካንም አንድ ቃል አልተነገረም።

ታዲያ ማክቤዝ ምን ያደርጋል? ይደነግጣል። ይህን የምናውቀው ባንኮ ስለሚነግረን ነው፤ «ምነው ደነገጥክ? ይህን የመሰለ መልካም ነገር ሰምተህ ለምን ትፈራለህ?» ይለዋል። እዚህች ጥያቄ ላይ እንድትቆሙ እለምናችኋለሁ። ሰው ስለ ሹመት ሲነገረው ይስቃል፣ ወይ አያምንም። የሚደነግጠው መቼ ነው? በልቡ የሸሸገውን ነገር ሌላ ሰው በአደባባይ ሲያወጣበት ነው። ማክቤዝ የደነገጠው አዲስ ነገር ስለሰማ አይመስለኝም።

ወዲያው የንጉሡ መልእክተኛ ይደርስና የኮዶር ጌትነት እንደተሰጠው ያበስረዋል። ትንቢቱ መፈጸም ጀመረ። ባንኮ ያኔም ያስጠነቅቀዋል፤ የጨለማ መልእክተኞች በትንሹ ነገር እውነት ነግረው በትልቁ ሊያጠፉን ይችላሉ ይለዋል። ማክቤዝ ግን ለብቻው ቆሞ ያሰላስላል። «ግድያ» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣው በዚህ ማሰላሰል ውስጥ ከራሱ አፍ ነው። ሚስቱን ገና አላገኛትም። ደብዳቤም አልደረሳትም።

ዳዊትን አስቡት። እሱም ንጉሥ እንደሚሆን ተነግሮታል፤ ያውም በነቢይ እጅ ተቀብቶ። ሳኦል በዓይንጋዲ ዋሻ እጁ ላይ ወደቀለት። አብረውት የነበሩት ሰዎች «እግዚአብሔር አሳልፎ የሰጠህ ቀን ይህ ነው» እያሉ ገፋፉት። እሱ የልብሱን ጫፍ ቆርጦ ተወው፤ ለዚያም ልቡ ወቀሰው። ትንቢትም ነበረ፣ ገፋፊም ነበረ፣ ምቹ አጋጣሚም ነበረ። ሦስቱም ተሟልተው ሰው አልሞተም።

ስለ ሚስቱ ደግሞ ልናገር። እዚህ ላይ ፍርዳችን በጣም ይቸኩላል። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» እንላለንና ነገሩ ሁሉ በእሷ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን አንደኛ መጋረጃ ሰባተኛ ትዕይንትን ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ንጉሡ ማእድ ላይ ነው። ማክቤዝ እንግዳውን ትቶ ወጥቶ ብቻውን ቆሟል። ምክንያት ይደረድራል። ዘመዴ ነው። ንጉሤ ነው። እንግዳዬ ነው፤ በሩን ከገዳይ ላይ መዝጋት ሲገባኝ እንዴት እኔው ጩቤ እይዛለሁ? ደግሞም ዳንካን ደግ ሰው ነው። ከዚያ ለመግደል ምን ምክንያት እንዳለው ራሱን ሲጠይቅ ከሥልጣን ጥም በቀር ምንም አያገኝም። ራሱን እንዲህ አጥርቶ የሚያይ ወንጀለኛ በመድረክ ላይ ብዙ የለም። ሚስቱ ስትገባ ቁርጡን ይነግራታል፤ «በዚህ ነገር ከዚህ በላይ አንሄድም» ይላታል።

እሷ ምን መለሰች? ያነሳቸው ምክንያቶች አራት ናቸው። አንዱንም አልነካችም። ዳንካን ክፉ ነው አላለችም። ዘመድህ አይደለም አላለችም። እንግዳ መግደል ነውር የለውም አላለችም። ያለችው «ፈሪ ነህ» ነው። ለማድረግ በደፈርክ ጊዜ ወንድ ነበርክ፤ አሁን ግን አይደለህም አለችው። ደግሞም ይህን ነገር መጀመሪያ ያነሳህልኝ አንተ ነህ ስትል አስታወሰችው፤ እሱም አላስተባበለም።

ከዚያ ማክቤዝ አንድ አጭር ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ባይሳካልንስ?» ይላል። ለእኔ የተውኔቱ ወገብ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ከደቂቃዎች በፊት ጥያቄው «ይገባል ወይ?» ነበር። አሁን «ይሳካል ወይ?» ሆነ። ስለ ነውር የሚያወራው ሰው ስለ ዕቅድ ማውራት ጀመረ። እሷም ዕቅዱን ነገረችው፤ ዘበኞቹን በመጠጥ እናሰክራለን፣ ጥፋቱን በእነሱ ላይ እናላክካለን አለችው። ነገሩ አለቀ።

የውጭ ግፊት የሚሠራው እንዲህ ነው። ተከራክሮ አያሸንፍም። ክርክሩን ያስለውጣል። ኤልዛቤልም አክዓብን የያዘችው በዚሁ መንገድ ነው። ናቡቴ የወይን ቦታውን አልሰጥም ቢለው፣ ፊቱን አዙሮ ምግብ እምቢ ብሎ ለተኛው ንጉሥ ስለ ወይን ቦታው ሕግ አላስረዳችውም። አንተ ነህ የእስራኤል ንጉሥ? ነው ያለችው። ልብ በሉ፤ ምኞቱ የአክዓብ ነበር። እሷ ስታገኘው ምኞቱ አልጋ ላይ ጥሎት ነው።

እመቤት ማክቤዝንም ሰይጣን አድርጋችሁ እንዳትጫወቷት እማጸናለሁ። ሰይጣን ብትሆን ኖሮ ርኅራኄዬን ውሰዱልኝ ብላ መናፍስትን መለመን ባላስፈለጋት። ዳንካንን ራሷ ልትገድለው ገብታ ነበር። ተኝቶ ስታየው አባቷን መሰላት፤ ተመለሰች። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ተዋናይዋ እንደ ዋዛ ካለፈቻት ግን በኋላ ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች እጇን የምታጥበውን ሴት ማንም አያምናትም።

ሚስቱን ዴዝዴሞናን ከገደለው ከሌላው የሼክስፒር ጀግና ከኦቴሎ ጋር ብታነጻጽሩት ልዩነቱ ይታያችኋል። ኦቴሎ ተታለለ። የበታቹ ኢያጎ ያልሆነውን ሆነ አለው፣ ከዴዝዴሞና እጅ የወደቀውን መሐረብ ማስረጃ አስመሰለ። ኦቴሎ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ዴዝዴሞናን አይነካትም ነበር። ማክቤዝ ግን እውነቱን ያውቅ ነበር። እስከ ግድያው ድረስ ማንም አልዋሸውም። ጠንቋዮቹ የተናገሩት ሁሉ ሆነ። ሚስቱ የነገረችውም የምታምነውን ነው። የእሱን ውድቀት ከኦቴሎ ይልቅ ለመመልከት የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

ከግድያው በኋላ ያለው ውድቀት ፈጣን ነው። ጩቤዎቹን እዚያው መተው ሲገባው በደም እንደተነከሩ በእጁ ይዞ ይወጣል። ከተኙት ሰዎች አንዱ «እግዚአብሔር ይባርከን» ሲል፣ እሱ «አሜን» ማለት ፈልጎ ቃሉ ጉሮሮው ላይ እንደቀረ ይናገራል። ሰማይ ዝም አላለውም፤ እሱ ነው መመለስ ያቃተው።

አሁን ዋናውን ልናገር። በሦስተኛው መጋረጃ መጀመሪያ ማክቤዝ ባንኮንና ልጁን ፍሊያንስን ለማስገደል ሁለት ሰዎች ያስጠራል። ሰዎቹ የተቸገሩ፣ ኑሮ ያንገፈገፋቸው ናቸው። ማክቤዝ ለመከራችሁ ሁሉ ምክንያቱ ባንኮ ነው ይላቸዋል። ከዚያም ትዕግሥታችሁ ይህን ያህል ነው ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። አንደኛው «ጌታዬ፣ እኛም ወንዶች ነን» ይላል። ማክቤዝም ይመልሳል፤ አዎ፣ በስም ዝርዝር ላይ ወንዶች ትባላላችሁ፤ ውሻም እኮ ሁሉም ውሻ ይባላል፤ አዳኙም፣ ዘበኛውም፣ መንገድ ላይ የሚንከራተተውም።

ሰማችሁት? ይህ የሚስቱ ንግግር ነው። እሱን የጣለችበት ያው ወጥመድ ነው። የተገፋው ሰው ገፊ ሆነ። ያውም ሥራውን አጣርቶ ተማረው። እሷ ቢያንስ አልዋሸችውም ነበር፤ እሱ ግን ለእነዚህ ድሆች የሚነግራቸው ክስ እሱ ራሱ የሚያምነው አይመስልም። ለሚስቱ ደግሞ አይነግራትም። ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ እስክታመሰግኝ ድረስ አትወቂ፣ ንጹሕ ሁኚ ይላታል። «ሚስቱ ገፋፋችው» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ያበቃል። ባንኮ የሞተው እሷ ሳታውቅ ነው።

ጠንቋዮቹም ተራ ይደርሳቸዋል። በመጀመሪያው ጊዜ መንገድ ላይ የጠበቁት እነሱ ነበሩ። በአራተኛው መጋረጃ ራሱ ፈልጓቸው ይሄዳል፤ ንገሩኝ ብሎ ያዛቸዋል። የስኮትላንዱን መስፍን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስጨርስ ግን ምን ያገኛል? ዘውዱ ራሱ ላይ ነው። ማክደፍ ወደ እንግሊዝ ሸሽቷል። ያ ሕፃን እናቱ ፊት ሲወጋ የሥልጣን ጥም እንኳን ምክንያት ሊሆን አይችልም። የገፋ ሰውም የለም።

ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ። ተውኔቱ ለሼክስፒር ትራጄዲ አጭር ቢሆንም፣ በልምምድ ላይ ሰዓት ሲጠብ መቁረጥ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት የገዳዮቹ ትዕይንት ነው። ጠንቋይ የለበትም፣ ሰይፍ አይመዘዝበትም፣ ሦስት ሰዎች ቆመው ያወራሉ። እባካችሁ አትቁረጡት። ሁለቱን ገዳዮች ለሚጫወቱት ልጆችም ለዋናዎቹ የምትሰጡትን ያህል የልምምድ ጊዜ ስጧቸው። «እኛም ወንዶች ነን» የምትለው ዓረፍተ ነገር በደንብ ከወጣች፣ ተመልካቹ ሰባተኛውን ትዕይንት ያስታውሳል፤ ማክቤዝ የደረሰበትንም ቦታ ማንም ሳይነግረው ያየዋል።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።