ድፎ ዳቦ ለአንድ ሰው አይጋገርም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ድፎ ዳቦ ነው። ስለ አንድ ዓርብ ምሽትም።

ድፎ ዳቦ ለአንድ ሰው አይጋገርም። አገር ቤት ያደገ ሁሉ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ለጥምቀት ይጋገራል። ለክርስትና፣ ለልደት፣ ለምርቃት ይጋገራል። ሲቀርብ ትልቅ ሰው ይመርቃል፣ ከዚያ ይቆረሳል። ልጅ ቅጽል ስም ሲወጣለት እንኳ «ዳቦ ተቆርሶለታል ወይ?» እንላለን። ድፎ ካለ ሰው ተሰብስቧል ማለት ነው።

እኔ የምኖረው ዴንቨር ነው፣ ኮሎራዶ። እዚህ ሐበሻ ሞልቷል፣ በተለይ ጎረቤት ከተማዋ ኦሮራ በኩል። ግን የምንገናኘው በቀጠሮ ነው። አንዷ ጓደኛዬ ነርስ ናት፣ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ነች። አንዱ ኤርፖርት ይሠራል፣ ፈረቃው በየጊዜው ይቀያየራል። አብሮ ቡና ለመጠጣት ካላንደር ከፍተን ነው የምንነጋገረው። ይሄ ነገር ያሳዝነኛል። አዲስ አበባ ሳለሁ ሰው ሳይደውል ነበር የሚመጣው። «ቤቶች!» ይልና በሩን ገፋ አድርጎ ይገባል። ያለው ይቀርባል። ካልኖረም ወሬው ይበቃል።

ወደ ዳቦው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ሥራ ነው።

አገር ቤት ሊጡ በኮባ፣ ማለትም በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይቀመጣል። ከላይ ይከደንና ክዳኑም ላይ እሳት ይደረጋል። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች። ቅጠሉ ለጌጥ አይደለም። እርጥበቱን ያፍናል፣ ቅርፊቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ቅርፊቱ ካልደረቀ ዳቦው እስኪበቃው ድረስ ይነፋል። እዚህ ያንን ሥራ የሚሠራልኝ ክዳን ያለው ከባድ የብረት ድስት ነው። ውስጡን የሙዝ ቅጠል አነጥፍበታለሁ። ቅጠሉን ሀቫና ጎዳና ላይ ካሉት የእስያ ሱቆች ነው የምገዛው፣ ከፍሪዘር። በረዶው ሲለቀው እሳት ላይ ለብለብ አደርገዋለሁ። አለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ዱቄቱ 1 ኪሎ፣ ውሃው 700 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ጨው 20 ግራም፣ ትንሽ ዘይት። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ኮረሪማ። ኮረሪማውን ራሴ እወቅጠዋለሁ። ተፈጭቶ የከረመ ኮረሪማ ሽታው የለም።

ዋናው ጉዳይ እርሾው ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይስፋፋል፣ ሊጡም ጣዕም ሳይዝ ኩፍ ይላል። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት አሠራር ለቆላ ከተማ የተለካ ሊሆን ይችላል። እኔ እርሾውን በሩብ ያህል እቀንስና ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ቅዝቃዜው እርሾውን ያዘገየዋል፣ ጣዕሙ ግን እየዳበረ ያድራል። የዴንቨር አየር ደረቅ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን አትርሱ። ኦቨኑ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሰዓት ያህል። መሃሉ 93 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ራሱ የሚፈላው በ95 ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

እናቴ ይሄን ሁሉ ሳትለካ ታውቀዋለች። ሊጡን በጣቷ ነካ አድርጋ «ገና ነው» ትላለች። ገና ነው ካለች ገና ነው።

ያ ዓርብ የሁዳዴ ዓርብ ነበር፣ ማርች ላይ። ድፎው በዘይት ስለሆነ የጾም ነው። የአየር ትንበያው ዝናብ ነበር ያለው። ማርች ሲባል ብርዱ ያለፈ ይመስላል፤ ዴንቨር ላይ ግን ከዓመቱ ወራት ሁሉ በረዶ የሚበዛው በዚህ ወር ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥብ አየር ይመጣል። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ሮኪ ተራሮች ይገፋዋል። አየሩ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ በዝናብ የጀመረው በረዶ ይሆናል። የዛፍ ቅርንጫፍ የሚሰብር እርጥብና ከባድ በረዶ።

ዳቦው ኦቨን ውስጥ ሳለ ደጁ ነጣ። ስልኬ ጮኸ። የኤርፖርቱ ጓደኛዬ ነው።

«መንገዱ አላስኬድ አለኝ። መኪናዬን አንቺ ሰፈር ላቁማት?»

«ና፣ ዳቦ እየወጣ ነው» አልኩት።

ነርሷ የምትኖረው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። የማታ ክላሷ ተሰርዞ ነበር፣ በእግሯ መጣች። ከቤይሩት በቅርቡ የመጣች ጓደኛዋንም ይዛ መጣች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤቴ ሞላ። ለወራት በቀጠሮ ያልተሳካልን ነገር ነው።

ድፎው ወጣ። ኮረሪማው ቤቱን አወደው። ልቁረስ ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ። «ይሄ ዳቦ እዚህ አይቆረስም። እትዬ ጋ ይዘነው እንሂድ።»

እትዬ የምንላት ሴት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለቻት። በእግር ሩቅ አይደለም። ዳቦውን በጋቢ ጠቀለልነው። ከቤይሩት የመጣችው ልጅ ካፖርቷን ከፍታ ከነጋቢው እንደ ሕፃን አቀፈችው። ተራ በተራ እንያዝ ብንላት አልሰጥም አለች፣ ሙቀቱን ወዳዋለች። ኮልፋክስ ሁሌ በመኪና የሚጨናነቅ መንገድ ነው። ያን ምሽት መሃሉን ይዘን ተራመድን። አንዱ ሲያዳልጠው ሌላው ይይዘዋል። ጮክ ብለን ሳቅን። ከሥራና ከቤት ኪራይ ሌላ ወሬ ያወራንበትን ጊዜ አላስታውስም ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ግን ያወራነው ስለ ልጅነታችን ነው።

እትዬ ገበያ ስለሌለ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየገለበጠች ነበር።

«እናንተ ልጆች፣ በዚህ በረዶ ምን አወጣችሁ?»

«ዳቦ ይዘን መጣን፣ እትዬ።»

ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ጀበናውን ጣደች፣ ሽሮውንም አሞቀች። ጥግ ላይ አንድ ጋሼ ተቀምጠው ነበር፣ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ በረዶው እስኪያባራ እየጠበቁ። እንዲመርቁልን ለመንናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ። ያገራችንን ሰላም ያሰማን። በሰው አገር ሰው አያሳጣችሁ።»

አሜን አልን። እኔ ድምፄ አልወጣ አለኝ። «በሰው አገር ሰው አያሳጣችሁ» የሚለውን ምርቃት ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ምሽት ግን ገባኝ።

ኮልፋክስ ላይ የሚሄደውን 15 ቁጥር አውቶቡስ የሚጠብቅ አንድ ፈረንጅ ብርዱ ቢጠናበት ገባ። እትዬ ሳትጠይቀው አስቀመጠችውና ከድፎው ቆርሳ ከሽሮው ጋር አቀረበችለት። በላ፣ ቡናም ጠጣ። አውቶቡሱ ሲመጣ እየሮጠ ወጣ፣ ከውጭም በመስኮቱ እጁን አውለበለበልን።

ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ መያዝ ትቻለሁ። ዳቦ ስጋግር ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ድፎ ኦቨን ገብቷል» ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። መምጣት የቻለ ይመጣል፣ ያልቻለም ይቅርታ አይጠይቅም። አንዳንዴ አንድ ሰው ይመጣል፣ አንዳንዴ መቀመጫ ይጠፋል። ሌላ ከተማ ያላችሁም ሞክሩት። የሰው ቤት ለመሄድ ግብዣ የምንጠብቅ ሰዎች ሆነናል። «ዳቦ ደርሷል» ሲባል ግን ሰው እግሩን ያነሣል።

እትዬ ለፋሲካ ትልቅ ድፎ እንድጋግርላት ጠይቃኛለች። የኔ ድስት ስለማይበቃ ቀዳም ስዑር ማታ እሷ ኩሽና ውስጥ ነው የምንጋግረው፣ ሁላችንም። አንድ ነገር ቸግሮኛል፦ ትኩስ የኮባ ቅጠል። ካሊፎርኒያ እንሰትን ለጌጥ ግቢያቸው የሚተክሉ ሰዎች አሉ። እዚያ የምትሰሙኝ፣ ጎረቤታችሁ ግቢ ውስጥ ካያችሁ ጥቂት ቅጠል ለምናችሁ ላኩልኝ፣ የፖስታውን እኔ እችላለሁ። በሉ፣ ደህና ሁኑ።