ሳሩም ድምፅ ሰጥቶ ነበር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፣ ሻይ አለ። ጎረቤት ጄኔሬተር አስነስቷል፤ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ዱባይ እያለሁ የምሠራው ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች። ሁላችንም "አቴ" ነበር የምንላት። በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። የሆቴል አንሶላ ትልቅ ስለሆነ ለሁለት ነው የሚታጠፈው። ጫፍና ጫፍ ይዛችሁ ትራራቃላችሁ፣ ከዚያ ትጠጋጋላችሁ። ማሽኑ ስለሚጮህ አቴ የምታወራው ስንጠጋጋ ብቻ ነበር። የከተማዋን የኦሎንጋፖን ታሪክ እንዲህ ቁርጥራጩን ነው የሰማሁት።

ኦሎንጋፖ ሱቢክ ሰላጤ ዳር ያለች ከተማ ናት። የአሜሪካ ባህር ኃይል እዚያ ትልቅ ጦር ሰፈር ነበረው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ መርከቦቹ የሚጠገኑት፣ መርከበኞቹ የሚዝናኑት እዚያ ነበር። ቡና ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ገንዘብ መንዛሪውም በዚያ ሰፈር በር ነው የሚኖረው። የአቴ እናት የመርከበኞችን ልብስ ታጥብ ነበር። "ሙያውን ከማን እንደወረስኩት አየሽ?" ትለኝና ትስቃለች።

በፈረንጆቹ 1991 ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ በጁን ወር የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በዚያው ቀን ደግሞ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ከነዝናቡ መጣ። አመዱ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሲሚንቶ ከበደ፣ ጣሪያዎች ተደረመሱ። አቴ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። በቀትር ጨልሞ፣ አባቷ አካፋ ይዞ ጣሪያ ላይ ሲወጣ፣ እናቷ ከታች ሆና ስትጮህበት ታስታውሳለች። ሌላው ትልቅ ሰፈር፣ የክላርክ አየር ኃይል ጣቢያ፣ አመድ ለበሰ። አሜሪካኖቹም አልተመለሱበትም።

ከዚያ ሴፕቴምበር 16 ላይ የፊሊፒንስ ሴኔት ተሰበሰበ። ጥያቄው፣ አሜሪካኖች ሱቢክን ለተጨማሪ 10 ዓመት ይያዙት ወይስ ይውጡ የሚል ነው። ፕሬዚዳንቷ ኮራዞን አኪኖ ይቆዩ ባይ ነበሩ። ውጤቱ 12 ለ 11 ሆነ፤ ይውጡ የሚለው በለጠ። ስምምነቱን ለማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር፣ በሕጉ ካየነው በሰፊው ነው የወደቀው። እኔን ግን ቁጥሩ ራሱ ይገርመኛል። አገሪቱ መሃሏ ላይ ተሰንጥቃ ነበር።

የአቴም ቤት እንደዚያው። እናቷ አለቀሰች፤ እንጀራዋ ነው። አክስቷ ደግሞ እሰይ አለች። አክስትየው ከአንድ መርከበኛ ልጅ ወልዳለች፣ ሰውየው አድራሻ እንኳ ሳይተው ነው የሄደው። አሜሪካ በ1982 ባወጣችው ሕግ ከኮሪያ፣ ከቬትናም፣ ከታይላንድ ሴቶች የተወለዱ የወታደሮቿን ልጆች ስትቀበል፣ ፊሊፒንስ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ለምን? እኔ ለዚህ በቂ ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱ እህትማማቾች በዚህ ጉዳይ ለወራት ተኮራርፈዋል።

ስለ ኃያላን ፉክክር ሲወራ አንድ ተረት አይቀርም። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ይደብረኛል። ሳሩን ዝም ያሰኘዋል። እዚህ ጋ እኮ ሳሩ ድምፅ ሰጥቷል! እርስ በርሱም ተጣልቷል።

በኖቬምበር 1992 የመጨረሻዎቹ አሜሪካኖች ሱቢክን ለቀው ወጡ። ክላርክ ከዚያ በፊት ተዘርፎ ስለነበር፣ የኦሎንጋፖ ሰው ፈራ። 8,000 የሚሆን ፈቃደኛ ሰው ወጥቶ ያለ ደመወዝ ሰፈሩን ጠበቀ። ከነሱ አንዷ ማን መሰለቻችሁ? አክስትየው።

ከዚያስ? በ1995 ፊሊፒንሶች የኛ ነው የሚሉት ሚስቺፍ የተባለ ሪፍ ላይ፣ ማለትም ባህር ውስጥ ያለ የኮራል ድንጋይ ላይ፣ ቻይና ግንባታ ጀመረች። በ2012 ደግሞ ስካርቦሮ በሚባል ሌላ ሪፍ ላይ ሁለቱ አገሮች ተፋጠጡ። ይሄንን እኔና አቴ የሠራተኛ መመገቢያው ቴሌቪዥን ላይ ነው የተከታተልነው። ከሁለት ወር በኋላ የፊሊፒንስ መርከቦች ወጡ፣ የቻይናዎቹ ቀሩ። አቴ ሩዟን እያማሰለች "አባረርናቸው፣ ሌላው መጣ" አለች። በማን እንደተናደደች ግን አልገባኝም።

ይሄን የአሜሪካና የቻይና ፉክክር በአንድ ነገር አሳዪ ብባል አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አላሳይም። ሴራ ማድሬን ነው የማሳየው። አሜሪካ በ1944 የሠራቻት አሮጌ የጦር መርከብ ናት፤ ቬትናምን አይታለች፣ ከዚያ ለፊሊፒንስ ተሰጠች። ፊሊፒንስ በ1999 ቦታው የኔ ነው ለማለት ሆን ብላ አዩንጊን የሚባል ጥልቀት የሌለው ባህር ላይ አስቀመጠቻት። ዝጋለች፣ ተበሳስታለች፣ ጥቂት ወታደሮች ግን ውስጧ ይኖራሉ። ስንቅ ሊያደርሱላቸው ሲሄዱ የቻይና ጀልባዎች በውሃ መድፍ ያባርሯቸው ነበር። በጁን 2024 በነበረው ግጭት አንድ የፊሊፒንስ ባህር ኃይል አባል አውራ ጣቱን አጥቷል። ለአንድ ዝገት።

እና አሜሪካኖች ተመለሱ። ሕገ መንግሥቱ የውጭ ጦር ሰፈር ያለ ሴኔት ስምምነት አይፈቅድም። ስለዚህ በ2014ቱ ውል ጦር ሰፈር የሚል ቃል ቀረ፣ "የተስማማንባቸው ቦታዎች" ተባለ። ሰፈሩ የፊሊፒንስ ነው፣ አሜሪካ ገብታ ትገነባለች፣ ዕቃዋን ታስቀምጣለች። መጀመሪያ 5 ነበሩ፣ በ2023 4 ተጨምረው 9 ሆኑ። ከአዲሶቹ ሁለቱ ታይዋን ፊት ለፊት ያለው የካጋያን ግዛት ውስጥ ናቸው። የግዛቱ አስተዳዳሪ ዒላማ ታደርጉናላችሁ ብለው ተቃወሙ። ሰሚ አላገኙም።

እኔ "የተስማማንባቸው ቦታዎች" በሚለው ቃል ስስቅ አቴ ግን አልሳቀችም። እኛም ጋ ቢሆን አስመራ የነበረውን የአሜሪካ ጦር ሰፈር በጀግኖቻችን ስም "ቃኘው" አይደል ያልነው? እስከ ፈረንጆቹ 1977 ቆየ። እዚያ የሠሩ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ስለ ደመወዙ በፍቅር ነው የሚያወሩት። ስለ በሩ ሲጠየቁ ደግሞ ፊታቸው ይለወጣል። ፍተሻውን ነው መሰለኝ የሚያስታውሱት።

አቴ አሁን ኦሎንጋፖ ተመልሳለች። ትንሽ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከፍታለች። የአሜሪካ መርከብ ለጉብኝት ሲመጣ ሥራዋ ይደምቃል። አክስትየው በዚያ ሰሞን ወደ ሱቁ አትመጣም።

ባለፈው ሳምንት በዋትስአፕ "ዛሬ ድምፅ ስጪ ብትባዪ ከ12ቱ ነሽ ከ11ዱ?" ብዬ ጠየቅኳት። የአንድ ደቂቃ ተኩል የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከኋላ ማሽኑ ይጮሃል። መጀመሪያ ሳቀች። ስለ ልጇ አወራች፣ ባህር ኃይል ልግባ እያለ አስቸግሯታል። ከዚያ "እኔ እንግዲህ..." አለች። ቀጥሎ በሩ ሲከፈት ይሰማል። "ቆይ ቆይ፣ ደንበኛ መጣ" አለችና ተቋረጠ።