ድምፁ የት ሄደ?

እንደምን አመሻችሁ። ወንበሩ ዛሬም ይጮኻል፤ ቻሉት። ያለፈውን ጨዋታ እንቀጥላለን ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። የአባባ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

መቼም አባባን ታውቋቸዋላችሁ፤ ከቡናችን የማይቀሩት የምድር ባቡር ጡረተኛ። ስለ ድሬዳዋ ባቡር በተሠራው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ አሉ። ድምፅ የቀዳሁት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ከዛገው ፉርጎ አጠገብ ተንበረከኩና የብረት ጎማውን በመዶሻ አንዴ መቱት። ጤነኛ ጎማ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያዳምጡ የኖሩት ይህንን ነው። መቱና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዝም አሉ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

አዘጋጁ «አባባ፣ ብርሃኑ አልተመቸንም፣ ይድገሙልን» አላቸው። ደገሙ። አሁንም አስደገማቸው። በሦስተኛው አንገታቸውን አላዘነበሉም፤ የመቱት ለእኛ ነው። ፊልሙ ውስጥ የገባው ግን እሱ ነው፣ ያውም ፒያኖ ተደርቦበት። ወዲያው ድሮኑ ሽቅብ ይነሳል፤ ተራኪው ባቡሩ እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ድሬዳዋ መድረሱን፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው መስመርም 784 ኪሎ ሜትር መሆኑን ይነግረናል። እውነት ነው። የአባባ ጆሮ ግን የለም።

አብረን አየነው። ሲያልቅ «ልጄ፣ ድምፁ የት ሄደ?» አሉኝ።

ሐረርም እንዲሁ ነው። ካሜራ ይዞ የሚመጣው ሁሉ የጅቡን ራት ቀርጾ ይመለሳል፤ በማግስቱ ጠዋት በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ማን ምን ሲሠራ እንደዋለ የሚጠይቅ... ይቅር፣ ይህ ለብቻው ያናግራል።

ማስደገም እንደሆነ ዛሬ አልተጀመረም። አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ሮበርት ፍላኸርቲ እንደ ፈረንጆቹ በ1922 ባወጣው «ናኑክ ኦቭ ዘ ኖርዝ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም የበረዶው ቤት ብርሃን እንዲገባለት አንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ነው የተሠራው። ምናልባት የሚያንገበግበኝ ዝምታን መፍራታችን ነው። ሰው ዝም ባለ ቁጥር ሙዚቃ እናለብሰዋለን፤ ተመልካች መቼ ማዘን እንዳለበት ሳይቀር እንወስንለታለን። ወይም ደግሞ ይህን ሁሉ የምለው ማይክራፎኑን ይዤ እዚያው ቆሜ ስለነበር ይሆናል። «የመጀመሪያው ይሻላል» ማለት አያቅተኝም ነበር። አላልኩም።

የመጀመሪያው እኔ ዘንድ አለ። ዛሬ ላሰማችሁ ከፍቼው ነበር። ከዚያ እሳቸውን አለመጠየቄ ትዝ አለኝ። ነገ ለቡና ሲመጡ... እንጃ፣ ቀድመው ራሳቸው ይስሙት መሰለኝ።