ያቺ ጀሪካን

እሺ... ይሰማል? ይሰማል መሰለኝ። ከኋላ የምትሰሙት ዝናቡ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያና የጅማ ዝናብ፣ ታውቁታላችሁ። ሲጥ ሲጥ የሚለው ደግሞ በርጩማው ነው። አዎ፣ አልቀየርኩትም። አልቀይረውምም። መልእክት መላክ አቁሙ።

ዛሬ የነቀዙን ክፍል ሁለት እሠራለሁ ብዬ ነበር። አልሠራም፣ ይቅርታ። ያቺ ጀሪካን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ።

የትምህርት ቤት ምገባ ላይ ነን፣ ጠዋት 2 ከ40 ገደማ ነው። ሦስቱ ድስት ታድሎ አልቋል፣ አራተኛው ገና መከፈቱ ነው። ሰልፉ ግን ዛፉን ዞሮ አጥሩ ጋ ደርሷል። ገንፎ የምትሠራው እናት ቀና ብላ ሰልፉን አየች። ድስቱን አየች። ከዚያ በሩ ጥግ የቆመችውን ቢጫ ጀሪካን ጎተት አደረገችና ድስቱ አፍ ላይ አስደግፋ ገለበጠቻት። ሃያ ሊትር። በማማሰያው ሁለት ሦስቴ አዞረች፣ ጨው በእፍኝ ጣል አደረገች፣ ጭልፋውን አነሳች። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ማንም ምንም አላለም። ሚዛኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሚዛኑ አጠገብ የቆመ ሰውም ነበር፤ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በቃ ይኸው ነው። ውሃ ተጨመረ። ምን አለበት ትሉ ይሆናል።

ቆይ እንቁጠረው። የአንድ ልጅ የቀን ድርሻ 120 ግራም የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት ነው፤ በየቤቱ ፋፋ የምንለው ዓይነት። 8 ግራም ዘይት፣ 3 ግራም አዮዲን ያለው ጨው። ለ600 ልጅ 72 ኪሎ ዱቄት ይመጣል። በአራት ድስት ስትከፍሉት ለየድስቱ 18 ኪሎ፣ ለ150 ልጅ። ዘይቱ 1 ኪሎ ከ200፣ ጨው ደግሞ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ 450 ግራም። ውሃው ለአንድ ኪሎ ዱቄት 4 ሊትር ቢሆን 72 ሊትር ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ግን ስንቴ ሲሳሳት አይቻለሁ! ዱቄቱ ፈልቶ የሚንተከተክ ውሃ ላይ በደረቁ አይበተንም፤ ይጓጉላል፣ የጓጎለው ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፣ ያንን ደግሞ ልጆቹ ሰሃን ጠርዝ ላይ ይደረድሩታል። ከ72ቱ ሊትር 25ቱን አስቀርታችሁ በቀዝቃዛው በጥብጡ፣ የጓጎለው እስኪጠፋ። የቀረው 47 ሲፈላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሳታቋርጡ አማስሉ። ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሥሩ ያራል፤ ያረረ ሽታ ደግሞ ድስቱን በሙሉ ይወስደዋል። ዘይትና ጨው መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ሲቀንስ።

ይህ ሲያልቅ ወደ 84 ሊትር ገንፎ አላችሁ። ለ150 ሲካፈል ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚያልፍ፣ አንድ ሙሉ ጭልፋ። እስከዚህ ድረስ ሂሳቡ ልክ ነው።

አሁን 20 ሊትሯን ጨምሩ። 104 ሊትር። ጭልፋው ያው ጭልፋ ነው፤ ስለዚህ 36 ልጅ ተጨማሪ ይበላል፣ 186። ዱቄቱ ግን 18 ኪሎ ነው፣ አልተነቃነቀም። 18 ኪሎን ለ186 ስታካፍሉ ወደ 97 ግራም ይወርዳል። በካሎሪ ከ530 አካባቢ ወደ 430። ይህ ደግሞ ድስቱ ገና ሳይነካ ከተጨመረ ነው። ግማሹ ከታደለ በኋላ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ በሙሉ የኋለኞቹ ላይ ያርፋል፤ 81 ግራም። ቀድመው የተሰለፉት 120 በልተው ሄደዋል።

ጭልፋ መጠን ነው የሚለካው፣ ድርሻ ግን ክብደት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ አይታይም። ምክንያቱም ገንፎ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ሲከፈት ቀጠን ያለ ነው፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጠጠር ይላል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚቀዳው የቀጠነውም ቢሆን ዓይን ላይ ያው የመጀመሪያውን ይመስላል። የሚያጋልጠው ጣዕሙ ነበር፣ አልጫ ይሆናል። እሱን ደግሞ ያቺ የጨው እፍኝ ሸፈነችው። እዚያ ላይ ነው እኔ... አይ፣ ለማታለል አይደለም ያደረገችው። አውቃለሁ። ልጆቹ እንዲጣፍጣቸው ነው። ግን ያቺ እፍኝ ባትኖር አንድ ልጅ "ዛሬ ጨው የለውም" ይል ነበር፣ አንድ አስተማሪ ይቀምስ ነበር...

(ዝም ይላል)

እና ልጆቹ ጠግበው ነው የሚነሱት እኮ! ሆዳቸው ሞልቷል። 4 ሰዓት ላይ ክፍል ግቡና እዩ፤ አንዱ ተነስቶ "ቲቸር፣ ልውጣ?"፣ ሌላው "ቲቸር፣ እኔም?"። ውሃው ነው። (ሳቅ) አያስቅም።

ሁለተኛ ጉዳይ፣ ያ ውሃ አልፈላም። ስንቴ ተናግሬያለሁ በዚህ ፕሮግራም! ድስት ውስጥ ያለው ነገር ትኩስ ነው ተብሎ ጥሬ ውሃ አይከለስበትም። 20 ሊትር ቀዝቃዛ ሲገባ ሙቀቱ በአንዴ ይወርዳል፣ እሳቱም በዚያ ሰዓት ረመጥ ሆኗል። ከምንጭም ይሁን ከቧንቧ ተቀድቶ ክዳን በሌለው ጀሪካን ያደረ ውሃ ነው። ማድረግ ካልቀረ፣ ካልቀረ ነው የምለው፣ ፈልቶ የተቀመጠ ውሃ በአንድ ድስት ይኑር፣ በእሱም ተመዝኖ የተቀመጠ 5 ኪሎ ዱቄት ይበጠበጥበት። ለ36 ልጅ የሚያስፈልገው 4 ኪሎ ከ320 ግራም ነው። 5 ኪሎ ይበቃል ማለት ነው።

ይህንን ስል ማገዶው ትዝ አለኝ። ክረምቱ ሳይወጣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር እንጨቱ እርጥብ ነው፤ እርጥብ እንጨት ጉልበቱን የሚጨርሰው የራሱን ውሃ በማትነን ነው። ሴቶቹ ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳሉ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ፣ ጭሱን እየዋጡ። ለዘንድሮ የሚሆን እንጨት ጥር ላይ ተፈልጦ ቆርቆሮ ሥር መደርደር ነበረበት። አሁን ማን ጥር ላይ ስለ መስከረም ያስባል? ቦሎቄ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ችግራቸው እጥፍ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትርን ታልፋለች፤ እዚህ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ መቶ አይደርስም። ቦሎቄ ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ እስከ ምሳ አይበስልም። ማታ መዘፍዘፍ፣ ጠዋት ውሃውን መድፋት፣ በአዲስ ውሃ መጣድ። ሂርማታ ገበያ ስትገዙ ያረጀ ቦሎቄ በርካሽ ይሰጧችኋል፤ አትውሰዱ። ሞቃትና እርጥብ መጋዘን የከረመ ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ብትቀቅሉትም እንደ ጠጠር ነው። ቶሎ እንዲበስል ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ ይበስላል፣ ቫይታሚን ቢ1ን ግን ይበላዋል። ቀዩ ቦሎቄ ደግሞ ለብ ባለ ሙቀት ከቆየ ያስመልሳል፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ መንተክተክ አለበት...

የት ነበርኩ? ጀሪካኗ። አዎ።

እነዚያ 36 ልጆች እነማን ናቸው? ጥያቄው እሱ ነው። መዝገብ ላይ የሉም። አንዳንዱ ታናሽ ነው፤ የአራት፣ የአምስት ዓመት፣ የእህቱን እጅ ይዞ የመጣ፣ ኦ ክፍል እንኳ ያልገባ። አንዳንዱ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣ፣ የመሸኛ ወረቀት የሌለው። አንዳንዱ ምግብ ከሌለበት ትምህርት ቤት ነው፣ መንገዱን አቋርጦ። ደንቡ መዝገብ ላይ ያለ ይበላል ይላል። ደንቡን የጻፈ ሰው ሰልፍ ፊት ቆሞ አያውቅም ልል ነበር፤ ግን እሱም ትክክል አይደለም። ደንቡ ባይኖር ዱቄቱ እስከ ወር መጨረሻ አይደርስም። ሦስት ሳምንት ትመግባላችሁ፣ በአራተኛው በሩ ይዘጋል። ያኔ የሚቀሩት ልጆች ምግቡ ቆመ ሲባል እነሱም ይቆማሉ። ይህንን ሁላችንም አይተናል።

ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እዚህ አገር የትምህርት ቤት ምግብ ሲያቀርብ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ኦሮሚያና ደቡብ ላይ ከአካባቢው ገበሬ ተገዝቶ ሲሞከር፣ አዲስ አበባም ከ2012 ዓ.ም. አንስቶ በራሷ በጀት ስትመግብ... (ሁለቱ 2012 አንድ አይደሉም፣ አትደባልቁ፤ ሰባት ስምንት ዓመት መካከላቸው አለ።) ብቻ በዚህ ሁሉ መኖር ያለበት አንድ ነገር አለ። ማለዳ ላይ የሚቆጥር ሰው። ክፍል አለቃው 2 ሰዓት ላይ የመጣውን ቆጥሮ በጠመኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ይጽፋል። ዱቄቱ በዚያ ቁጥር ይመዘናል። በመዝገብ ሳይሆን በዚያ ቁጥር። ቀላል ነው አይደል? አይደረግም። ለምን መሰላችሁ?

ቡናው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማና ወረዳም በሉ ጎማ ወረዳ ቀይ ቡና ይለቀማል፤ ልጆቹም ለቀማ ላይ ናቸው። ከአንዱ ድስት 150 ልጆች 36ቱ ለ20 ቀን ባይመጡ የሚተርፈው ዱቄት 86 ኪሎ ነው። ያቺ ጀሪካን በወር የምትሸፍነውም ልክ 86 ኪሎ ነው! ሁለት ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ እንኳ አይሞላም። በቡናው ወራት የተረፈው ተቀምጦ ጥር ላይ ቢወጣ ጀሪካኗ አታስፈልግም ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ግን "ተረፈ" ብሎ መጻፍ ይፈራል፤ የተረፈው ካለ በሚቀጥለው ዙር ኮታው ይቀነሳል ብሎ። ስለዚህ በመዝገቡ ልክ ወጣ ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ 150 በላ። ረመዳን ላይም 150፣ ከፍ ያሉት ልጆች እየጾሙ። ታዲያ የተረፈው የት ሄደ? ሌባ ነው ለማለት አይደለም፤ አንዳንዴ እዚያው ተቀምጦ ይመርራል። የአኩሪ አተሩ ዘይት ሲቆይ ይመርራል፣ በጅማ እርጥበት ደግሞ ይፈጥናል፣ በተለይ ማዳበሪያው ከግድግዳ ካልራቀና ከመሬት በእንጨት ካልተነሳ።

በቆሎውማ ገና ሌላ ጉድ ነው። ጨውና ጠርሙስ፣ ታስታውሳላችሁ? ደረቅ ጠርሙስ፣ ደረቅ ጨው፣ እፍኝ በቆሎ፣ መነቅነቅ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው አልደረቀም፣ አትረከቡት። ይሻግታል፣ የሻገተው መርዝ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ክፍል ሁለት ላይ እመለስበታለሁ ብያለሁ፣ እመለስበታለሁ።

ቡና ካልኩ አይቀር... አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ጅማ ተቀምጦ ቡናን ማማት። ልጆቹ ከቤት የሚወጡት ቡና ጠጥተው ነው፤ በስኒ፣ ከቁራሽ ቂጣ ጋር፣ ቂጣ ካለ። ቡና ምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዘዋል፣ ሰውነት እንዳይወስደው። ዱቄቱ ብረት ተጨምሮበታል፣ ተከፍሎበታል፣ ከዚያ ቡናው ይወስደዋል። ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ቢኖር። ወይ ከገንፎው ጋር ግማሽ ዘይቱን ቢሰጥ፣ ፍሬውን ማለቴ ነው፣ እዚህ በየአጥሩ የሚበቅለውን፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያግዘዋል። በነፃ የሚገኝ ነገር ነው እኮ።

እሺ። ተመለስኩ።

የማማሰያው ምስማር የሚባለውን ዘዴ ሰዎች ይወዱታል። የድስቱ አፍ 60 ሳንቲም ከሆነ 84 ሊትር 30 ሳንቲም ገደማ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ልክ ማማሰያው ላይ ምስማር ትመታላችሁ። 20 ሊትር ሲጨመር 7 ሳንቲም ከፍ ይላል፣ አራት ጣት። ምስማሩ ከተዋጠ ውሃ ገብቷል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔም ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። ግን ያን ቀን ምስማሩ ነበር። ተዋጠ። አየነው።

እና እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ምክንያቱም 97 ለ186 ወይስ 120 ለ150 እና ምንም ለ36? ድምሩ ያው 18 ኪሎ ነው። ምንም አልጠፋም፣ ተካፈለ እንጂ። እዚህ አገር ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ነገር አለ፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ከሌላው አንድ አንድ ከብት ይሰጠዋል። ማንም ያንን ጉድለት ብሎ አይመዘግብም። እሷም ያደረገችው... አይ፣ አይደለም። ቡሳ ጎኖፋ ላይ ሰጪው መስጠቱን ያውቃል። እዚህ 23 ግራም የሰጠችው ልጅ አታውቅም። ሌላ ምግብ እስከ ማታ የላትም፣ ምናልባትም ማታም። ማንም አልጠየቃትም።

ግን ብትጠየቅስ? ወንድሟ እኮ ነው ከጀርባዋ የቆመው።

እንጃ። አንዳንዴ እንዲያውም ጀሪካኗን ሳይሆን ያቺን የጨው እፍኝ ነው ልከለክል የምፈልገው። ጨው ባይገባ ውሃው ይታወቅ ነበር፣ ከታወቀ አንድ ሰው ይጽፈው ነበር፣ 4 ኪሎ ከ320 ጎደለ ብሎ፣ ከተጻፈ... ከተጻፈ ደግሞ ተቆጣጣሪ መጥቶ 36ቱን ከአጥሩ ውጭ ያደርጋቸዋል። አይደል? ወይ ሁለት ማዳበሪያ ይጨምራል። የትኛውን እንደሚያደርግ...

ዝናቡ በረታ። ትሰሙኛላችሁ? ሰኞ ጠዋት ያቺ ጀሪካን እዚያው በሩ ጥግ ናት፣ ተሞልታ። ቢያንስ አፍልታችሁ ሙሏት ልላት ነበር፣ ግን እንደዚያ ማለት እኮ ጨምሪ ማለት...

ቆይ፣ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ።